ዝርዝሩ መሃል ላይ ለምን ይቆረጣል?

«ከርሰር» ሲባል ስክሪን ላይ የምትንቀሳቀሰዋን ቀስት ካሰባችሁ፣ ይሄ ሌላ ነው። ዳታቤዝ ለጥያቄያችሁ የሰጠውን መልስ ረድፍ በረድፍ የሚያነሳ ጠቋሚ ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው ኤኤስ/400 እና ዛሬ «አይቢኤም አይ» በሚባለው ወራሹ ላይ በአርፒጂ ቋንቋ የሚጽፉ ፕሮግራመሮች በደንብ ያውቁታል።

ከርሰሩን ታውጃላችሁ፣ ትከፍታላችሁ፣ በ«ፌች» አንድ አንድ ረድፍ ታነሳላችሁ፣ ሲያልቅ ትዘጋላችሁ። ከእያንዳንዱ ፌች በኋላ ኤስኪውኤልኮድ የሚባል ቁጥር ይመጣል። 0 ከሆነ ተሳክቷል፤ 100 ከሆነ ረድፉ አልቋል፤ ከዜሮ በታች ከሆነ ስህተት አለ።

ጣጣው እዚህ ጋ ነው። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ከጀመረ ወዲህ ብዙ ስደተኛ በኩርሙክ በኩል ገብቷል። ለምሳሌ (እዛ የሚሠራበት ሲስተም ይሄ ነው ማለቴ አይደለም) የ300 ሰው የእርዳታ ዝርዝር እያተማችሁ ነው እንበል። 41ኛው ሰው የአያት ስም አልተሞላለትም፤ ቦታው «ነል» ነው። ፕሮግራሙ ነልን የሚቀበልበት ኢንዲኬተር ከሌለው -305 ይመጣል። «ኮዱ 0 እስከሆነ ድረስ ቀጥል» ብላችሁ ከጻፋችሁ ሉፑ እዛው ይቆማል። ወረቀቱ 40 ስም ይዞ ይወጣል፣ የስህተት መልእክት የሚባል የለም። 260 ሰው ተሰልፎ ስሙን ያጣል።

«አለቀ» የሚባለው 100 ሲመጣ ብቻ ይሁን። ከዜሮ በታች የመጣውን ለብቻ ያዙት፣ ሥራውን አቁሙ፣ የትኛው ረድፍ ላይ እንደሆነም አሳዩ። ባዶ ሊሆን የሚችለውን ስም ጥያቄው ውስጥ በ«ኮአሌስ» በሌላ ቃል መተካት ይቻላል። የታተመውን ብዛት ደግሞ ዳታቤዙ ራሱ ከቆጠረው ጋር አስተያዩት።