የኤንትሬ ዋጋ ስንት ነው?

ወዳጆቼ፣ የአባቴን ኤንትሬ ላሳድስ መነሳቴን የሰማ ሁሉ «በኪሎ ሽጣትና ተገላገል!» ይለኛል። በሒሳቡ ልክ ናቸው፤ ጎማው፣ ቶርኖ ቤቱ፣ የባትላሜራው የእጅ ዋጋ ሲደመር እሷ ከምታወጣው ይበልጣል። በአስተማሪ ደመወዝ ደግሞ አስቡት!

ታሪክ አስተማሪ ነኝና ግን ይህን ልበል። ፊያት 682ን ማምረት የጀመረው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው። «ኤን ትሬ» ማለት በጣሊያንኛ «ኤን 3» ነው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ቢወጣም የጋራዥ ቋንቋው እኛው ጋ ቀረ፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኮፋኖ የምንለው ከእነሱ ወስደን ነው። ከአሰብ ወደብ በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የገባውን ጭነት በእነዚህ መኪኖች ያመላለሱት የእኛው ሾፌሮችና ረዳቶች ናቸው። እኔ በማስተምርበት መጽሐፍ ግን ስለእነሱ አንድ ገጽ የለም።

ስለዚህ አልሸጣትም። ዘንድሮ ሞተሩን፣ ለከርሞ ካቢናውን። አባቱ ሾፌር የነበረ ፎቶውን ኮመንት ላይ ያስቀምጥልኝ።