በየትኛው በር? የግራሚ ሽልማትና የዘርፎቹ ስያሜ ታሪክ

ግራሚ፣ ሪከርዲንግ አካዳሚ በተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ባለሙያዎች ማኅበር በየዓመቱ የሚሰጥና በዓለም የሙዚቃ ኢንዱስትሪ ትልቅ ስም ያለው ሽልማት ሲሆን፣ ዳኞቹ አድማጮች ወይም ሐያስያን ሳይሆኑ ራሳቸው የሙያው ባለቤቶች፣ ማለትም ድምፃውያን፣ የግጥምና የዜማ ደራሲዎች፣ አቀናባሪዎች፣ ፕሮዲዩሰሮችና የድምፅ ባለሙያዎች ናቸው። እነዚህ አባላት በመጀመሪያው ዙር እጩዎችን፣ በሁለተኛው ዙር ደግሞ አሸናፊዎችን በድምፅ የሚመርጡ ሲሆን፣ በደንቡ መሠረት የሽያጭ ብዛትም ሆነ የሕዝብ ተወዳጅነት መመዘኛ አይደለም። ሆኖም ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት እያንዳንዱ ሥራ በአንድ ዘርፍ ውስጥ መመደብ ስላለበት፣ የግራሚ ታሪክ ማን አሸነፈ ከሚለው ይልቅ ማን በየትኛው በር ገባ በሚለው ጥያቄ ይበልጥ ይታወቃል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አካዳሚው በ1957 በሎስ አንጀለስ የተመሠረተው፣ በሆሊውድ የእግረኛ መንገድ ላይ የታዋቂ ሰዎችን ስም በኮከብ ቅርጽ ለማኖር ታስቦ በነበረበት ወቅት፣ ለምክር የተጠሩት የሸክላ አሳታሚ ድርጅቶች ኃላፊዎች ብዙ ታላላቅ ሙዚቀኞች ያንን ክብር ሳያገኙ ሊቀሩ እንደሚችሉ ተረድተው፣ ሙያው የራሱ ሽልማት እንዲኖረው በመምከራቸው ነበር። ለሽልማቱ ከቀረቡት ስሞች መካከል ከቶማስ ኤዲሰን ስም የተወሰደው «ኤዲ» ይገኝበት የነበረ ቢሆንም፣ በመጨረሻ የጸናው ኤሚል በርሊነር ከፈለሰፈው ጠፍጣፋ ሸክላ ማጫወቻ፣ ከግራሞፎን፣ የተገኘው «ግራሚ» የሚለው ስም ሆኗል።

የሽልማቱ ምስልም ይህንኑ ማጫወቻ፣ መለከት ከመሰለው የድምፅ ማውጫው ጋር በትንሹ የሚያሳይ ሲሆን፣ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሚሠራው፣ አሁን ሪጅዌይ በምትባል የኮሎራዶ ትንሽ ከተማ በሚገኘው የጆን ቢሊንግስ የእጅ ሥራ ቤት ነው። ባለሙያዎቹ «ግራሚየም» የሚል ስም የሰጡትን፣ ዚንክ የሚበዛበትን የብረት ድብልቅ አቅልጠው በቅርጽ ካፈሰሱት በኋላ፣ በሞረድ አስተካክለው፣ ወልውለው በወርቅ ይለብጡታል። አሸናፊዎቹ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት በምስጢር የሚያዙ በመሆናቸው፣ በመድረክ ላይ የሚጨበጠው ምስል ስም ያልተጻፈበት ምትክ ነው፤ ስም የተቀረጸበት እውነተኛው ምስል ለባለቤቱ የሚደርሰው በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ሥነ ሥርዓት ሜይ 4 ቀን 1959 በቤቨርሊ ሂልተን ሆቴልና በኒው ዮርክ በአንድ ምሽት የተካሄደ ሲሆን፣ በዚያ ዕለት የተሰጡት ሽልማቶች 28 ብቻ ነበሩ። ከዋነኞቹ ሁለቱ፣ ማለትም ለድምፃዊውና ለቅጂው ሥራ የሚሰጠው «የዓመቱ ቅጂ» እና ለግጥምና ዜማ ደራሲው የሚሰጠው «የዓመቱ ዘፈን»፣ በብዙዎች ዘንድ «ቮላሬ» በሚል ስም ለሚታወቀው የጣሊያናዊው ዶሜኒኮ ሞዱኞ ሥራ ተሰጡ። የዓመቱ አልበም ክብር ለሄንሪ ማንቺኒ ሲሰጥ፣ ኤላ ፊትዝጀራልድና ካውንት ቤሲ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ሽልማት ወሰዱ። በበርካታ ዘርፎች ታጭቶ የነበረው ፍራንክ ሲናትራ ግን ከዚያ ምሽት ያገኘው አንድ ሽልማት ብቻ ሲሆን፣ እሱም በድምፁ ሳይሆን ለአልበሙ ሽፋን የሥነ ጥበብ ዳይሬክተርነት የተሰጠው ነበር።

በዚያው ምሽት በዘመኑ የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ መለያ የነበረው የሪዝም ኤንድ ብሉዝ ሽልማት «ተኪላ» በተባለው፣ ሳክስፎን በሚመራውና ከርእሱ በቀር ቃል በሌለው ሥራው ዘ ቻምፕስ ለተባለ የካሊፎርኒያ የሮክ ቡድን ሲሰጥ፣ የካንትሪ ሽልማት ደግሞ የባህላዊ ዜማ ተጫዋች ለነበረው ለኪንግስተን ትሪዮ ደረሰ። ይህ የኋለኛው አመዳደብ ስሕተት መሆኑ ወዲያው ስለታመነበት፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር በተካሄደው ሁለተኛው ሥነ ሥርዓት ፎክ የተባለ የባህላዊ ሙዚቃ ዘርፍ ተከፍቶ ኪንግስተን ትሪዮ ራሱ አሸንፎበታል። የሮክ ኤንድ ሮል ዋነኛ ምልክት የሆነው ኤልቪስ ፕሪስሊም ቢሆን በውድድር ያገኛቸው ሦስት ግራሚዎች በሙሉ የተሰጡት ለመንፈሳዊ መዝሙሮቹ ነው።

ራፕም እንዲሁ ከተወለደ ከአሥር ዓመት በላይ ካለፈው በኋላ፣ በ1989 ነበር የራሱን ዘርፍ ያገኘው፤ የመጀመሪያዎቹ አሸናፊዎች ዲጄ ጃዚ ጄፍና ፍሬሽ ፕሪንስ በመባል ይታወቅ የነበረው ዊል ስሚዝ ግን ሽልማቱ በቴሌቪዥን እንደማይተላለፍ ሲያውቁ በሥነ ሥርዓቱ ላይ ሳይገኙ ቀርተዋል። ከአሥር ዓመት በኋላ ሎረን ሂል በአንድ ምሽት አምስት ሽልማት ስትወስድ፣ የዓመቱን አልበም ክብር ለሂፕ ሆፕ ለመጀመሪያ ጊዜ አስገኝታለች።

የአፍሪካ ሙዚቃ የገባባቸው በሮችም ስማቸው በየጊዜው ተለዋውጧል። ደቡብ አፍሪካዊቷ ሚሪያም ማኬባ በ1966 ከሃሪ ቤላፎንቴ ጋር ያሸነፈችው በፎክ ዘርፍ ነበር። የዓለም ሙዚቃ የተባለው ዘርፍ በ1992 ሲጀመር የመጀመሪያው ሽልማት የተሰጠው ለአሜሪካዊው ከበሮ መቺ ለሚኪ ሃርት ሲሆን፣ በአልበሙ ላይ ናይጄሪያዊው ባባቱንዴ ኦላቱንጂና ሕንዳዊው ዛኪር ሁሴን ተሳትፈውበታል። «የዓለም» የሚለው ቃል ከአሜሪካና ከአውሮፓ ውጭ ያለውን ሁሉ በአንድ ከረጢት የሚያጭቅ ነው የሚል ወቀሳ ስለበዛበት በ2020 «ግሎባል» በሚል ተተካ፤ በ2024 ደግሞ ለአፍሪካ ሙዚቃ ብቻ የሚሰጥ ዘርፍ ተከፍቶ፣ ደቡብ አፍሪካዊቷ ታይላ፣ በቀጣዩ ዓመትም ናይጄሪያዊቷ ቴምስ አሸንፈዋል።

ኢትዮጵያ ከዚህ ታሪክ ጋር የምትገናኘው ግን በዓለምም ሆነ በአፍሪካ ዘርፍ ሳይሆን፣ በስደት ባደጉ ልጆቿ አማካይነት «አርባን» በተባለው በር ነው። ቃሉ በቁሙ ከተሜ ማለት ቢሆንም፣ በአሜሪካ የሙዚቃ ንግድ ውስጥ የጥቁሮች ሙዚቃ መጠሪያ ሆኖ አገልግሏል። ትውልደ ኢትዮጵያውያኑ ዋይናና ኬና በ2009 በአንድ ዘርፍ ጎን ለጎን በታጩበት ጊዜ ዘርፉ ይህንኑ ስም የያዘ ሲሆን፣ በካናዳ ከኢትዮጵያውያን ቤተሰብ የተወለደውና ዘ ዊኬንድ በመባል የሚታወቀው አቤል ተስፋዬም በ2016 እና በ2018 በአልበሞቹ ያሸነፈው በአርባን ኮንቴምፖራሪ ዘርፍ ነበር። ስሙ የጥቁር ሙዚቀኞችን ሥራ ከዋናው መድረክ ለይቶ ያገልላል የሚለው ተቃውሞ እየበረታ በመምጣቱ፣ አካዳሚው በ2020 ይህን ዘርፍ ፕሮግሬሲቭ አር ኤንድ ቢ ብሎ ሰይሞታል።

በዚያው ዓመት መጨረሻ እጩዎች ይፋ ሲሆኑ፣ «ብላይንዲንግ ላይትስ» የተባለው ዘፈኑ ከዓመቱ እጅግ የተደመጡ ሥራዎች አንዱ የነበረው አቤል በአንድም ዘርፍ ሳይታጭ ቀረ። ቅሬታው ያነጣጠረው ማንነታቸው ለሕዝብ በማይገለጽ የግምገማ ኮሚቴዎች ላይ ነበር፤ እነዚህ ኮሚቴዎች በብዙ ዘርፎች ከአባላቱ ከፍተኛ ድምፅ ካገኙት ሥራዎች መካከል የመጨረሻዎቹን እጩዎች የሚለዩ በመሆናቸው፣ የአባላቱ ምርጫ መንገድ ላይ ሊቀየር ይችል ነበር። አቤል ከእንግዲህ ሥራውን ለውድድር እንደማያቀርብ በማርች 2021 ካስታወቀ በኋላ፣ አካዳሚው በኤፕሪል ወር መጨረሻ ኮሚቴዎቹን ከዋና ዋናዎቹና ከአብዛኞቹ ዘርፎች አንሥቷቸዋል። አቤል እንደገና በግራሚ መድረክ ላይ የቆመው ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2025 ሲሆን፣ የመጣውም ለሽልማት ሳይሆን ለመዝፈን ነበር።

ያው ምሽት በካንትሪ ዘርፍ ረገድ ከ1959ኙ ምሽት ጋር የሚነጻጸርም ነው። ከሁሉም ሰው በላይ ግራሚ በመውሰድ በ2023 የኦርኬስትራ መሪውን ጆርጅ ሾልቲን የበለጠችው ድምፃዊቷ ቢዮንሴ፣ ከዚያ በፊት አራት ጊዜ ታጭታ ያጣችውን የዓመቱን አልበም ክብር «ካውቦይ ካርተር» በተባለ ሥራዋ ስታገኝ፣ ያው አልበም በካንትሪ ዘርፍም ስላሸነፈ የዚህ ዘርፍ የአልበም ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ለጥቁር ሙዚቀኛ ተሰጠ። ከአራት ወራት በኋላ፣ በጁን 2025፣ አካዳሚው ይኸው ዘርፍ ከቀጣዩ ሥነ ሥርዓት ጀምሮ «ነባር» እና «ዘመናዊ» ካንትሪ በሚል ለሁለት እንደሚከፈል አስታውቋል።