የኤሌክትሪክ ጎተራ
ከቮልታ ክምር እስከ ሊቲየም ባትሪ
(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ገበሬ በመኸር የሰበሰበውን እህል ለክረምት የሚያቆየው በጎተራ ነው። ጎተራው ነቀዝ የገባበት ወይም ዝናብ የሚያስገባ ከሆነ፥ አዝመራው ምንም ያህል ቢበዛ ቤተ ሰቡ ከችግር አይድንም። የፀሐይ ኃይልም እንደዚሁ ነው። ፀሐይ የምትወጣው በቀን ሲሆን፥ መብራት አብዝተን የምንፈልገው በማታ ነው። ስለዚህ በጣራ ላይ የሚዘረጋው የፀሐይ ሰሌዳ የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን፥ ቀን የተገኘውን ለማታ የሚያቆይ ጎተራ ያስፈልገዋል። ይህም ጎተራ ባትሪ ይባላል።

መብራት በተቋረጠ ቁጥር ሥራው የሚጓደልበት የከተማ ነዋሪ ዛሬ የሊቲየም ባትሪ ገዝቶ በቤቱ ለማቆም ቢያስብ የሚያስደንቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የዕቃውን ታሪክ ቢያውቅ ይጠቀማል እንላለን። ምክንያቱም ባትሪው በምን ዓይነት ጥንቃቄ ሊያዝ እንደሚገባው የሚያስተምረው ታሪኩ ራሱ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የባትሪ አባት የሚባለው ኢጣልያዊው ሊቅ አሌሳንድሮ ቮልታ ነው። ቮልታ የብርና የዚንክ ክብ ሳህኖችን እያፈራረቀ ደረደረ፤ በየመካከላቸውም በጨው ውሃ የተነከረ ካርቶን አገባ። የክምሩን የላይኛውንና የታችኛውን ጫፍ በሽቦ ባገናኘ ጊዜ ሳያቋርጥ የሚፈስ ኤሌክትሪክ አገኘ፤ ይህንንም በ1800 ዓ.ም. ለንደን ለሚገኘው የሊቃውንት ማኅበር ለሮያል ሶሳይቲ በደብዳቤ አስታወቀ። አንድ ጥንድ ሳህን ብቻውን ደካማ ነበረ፤ ብዙ ጥንዶች ሲደራረቡ ግን ኃይላቸው ይደመራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለው ነው። ዛሬም በየቤቱ የሚቆመው ባትሪ ከብዙ ትንንሽ ሴሎች ተያይዞ የሚሠራው በዚሁ ደንብ ነው።

የቮልታ ክምር አንድ ጉድለት ነበረበት። ኃይሉ ካለቀ ወዲያ እንደ ገና አይሞላም። ይህን ጉድለት ያቃናው ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ ነው። እርሱም በ1859 ዓ.ም. ሁለት የእርሳስ ዝርግ ቆርቆሮዎችን በሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ በመክተት፥ ኃይሉ ሲያልቅ እንደ ገና የሚሞላ ባትሪ ሠራ። ዛሬ በአውቶሞቢል ውስጥ የምናየው የአሲድ ባትሪ የዚሁ ተወላጅ ነው። ዋጋው ርካሽና አሠራሩ የታወቀ በመሆኑ ከመቶ ዓመት በላይ አገልግሏል። ነገር ግን ክብደቱ ብዙ ነው፤ ዕድሜውም እንዲሰነብት ከተፈለገ ከያዘው ኃይል ከግማሽ በላይ ባይወሰድበት ይመረጣል። ጎተራውን ሞልቶ እኩሌታውን ብቻ እንደ መብላት ያህል ነው።

የፀሐይ ሰሌዳም የራሱ ታሪክ አለው። ብርሃን ኤሌክትሪክ ሊያስገኝ እንደሚችል በ1839 ዓ.ም. የተመለከተው ፈረንሳዊው ኤድሞን ቤከሬል ነው። ለሥራ የሚረባ ሰሌዳ የተገኘው ግን በ1954 ዓ.ም. ሲሆን፥ በአሜሪካ አገር በቤል የምርምር ቤት ቻፒን፥ ፉለርና ፒርሰን የተባሉ ሦስት ሊቃውንት ከሲሊኮን ሠሩት። ያም ሰሌዳ ከሚቀበለው ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ከመቶው 6 እጅ ያህሉን ነበረ። እርሻው እንዲህ ተገኘ፤ ጎተራው ግን ገና የፕላንቴ እርሳስ ነበረ።

አሁን ወደ ሊቲየም እንምጣ። ይህን ንጥረ ነገር በ1817 ዓ.ም. ያገኘው ስዊድናዊው ዮሐን ኦገስት አርፍቬድሶን ሲሆን፥ ያገኘውም ከኡቶ ደሴት በመጣ ድንጋይ ውስጥ ስለ ነበረ፥ በግሪክኛ ድንጋይ ከሚለው ቃል የተወሰደ ስም ተሰጠው። በአገራችንም በጉጂ ምድር በቀንጢቻ፥ ታንታለም በሚወጣበት ዓለት ውስጥ ሊቲየም ይገኛል። ሊቲየም ከብረታ ብረት ሁሉ ቀላል ነው፤ ክብደቱ በመጠን እኩል ከሆነ ውሃ ክብደት ግማሽ ያህል ነው። ኤሌክትሮኑንም ያለ ችግር አሳልፎ ስለሚሰጥ በትንሽ ክብደት ብዙ ኃይል ያስገኛል። ዳሩ ግን ይኸው ጠባዩ ለአደጋ ያጋልጠዋል። ውሃ ሲነካው እየፈላ በቀላሉ የሚነድ ጋዝ ይለቃል። ኃይሉም ጠንቁም ከአንድ ምንጭ የሚፈልቁ ናቸው።

በ1970ዎቹ ዓመታት የነዳጅ ዋጋ በናረበት ጊዜ፥ ስታንሊ ዊቲንግሃም የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ በአሜሪካ በኤክሰን ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ፥ የሚሞላ የሊቲየም ባትሪ አዘጋጀ። ይሁን እንጂ ባትሪው በተሞላና በተራገፈ ቁጥር ከሊቲየሙ ላይ መርፌ የመሰለ ቡቃያ እየበቀለ ወደ ማዶ ይሻገር ነበር። በተሻገረም ጊዜ ሁለቱ ወገኖች በቀጥታ ስለሚገናኙ እሳት ይነሣል። በ1980 ዓ.ም. ጆን ጉዲነፍ በኦክስፎርድ የኮባልት ኦክሳይድን አስገብቶ የባትሪውን ቮልት ወደ 4 አደረሰ። በ1985 ዓ.ም. ደግሞ ጃፓናዊው አኪራ ዮሺኖ አደገኛውን የሊቲየም ብረት አስወግዶ በካርቦን ተካው። በዚህ አኳኋን የተሠራውን ባትሪ በ1991 ዓ.ም. ሶኒ የተባለው ኩባንያ ለገበያ አቀረበ። ሦስቱም ሊቃውንት በ2019 ዓ.ም. የኬሚስትሪን የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ፤ ያን ጊዜ የጉዲነፍ ዕድሜ 97 ዓመት ነበረ።

ዳሩ ግን ኮባልት ያለበት ባትሪ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ከውስጡ ኦክሲጅን ይለቃል። እሳት ያለ ኦክሲጅን የማይነድ ሲሆን፥ ይህ ዓይነቱ ባትሪ ለገዛ እሳቱ ማራገቢያውን ራሱ ያቀርባል ማለት ነው። ስለዚህ ጉዲነፍና በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አብረውት የሚሠሩት ሊቃውንት በ1997 ዓ.ም. ሌላ ቅመም አስታወቁ፤ ይኸውም ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ነው። በዚህ ቅመም ውስጥ ኦክሲጅኑ ከፎስፈረስ ጋር በብርቱ የታሰረ ስለ ሆነ በቀላሉ አይለቀቅም። በእኩል ክብደት የሚይዘው ኃይል ከኮባልቱ ያነሰ ነው። ነገር ግን ክብደት የሚከብደው በኪስ ለሚይዙት ስልክ እንጂ በወለል ላይ ለሚቆም የቤት ባትሪ አይደለም። እንግዲህ ለቤት የሚገዛ ሰው በዕቃው ላይ የተጻፈውን አንብቦ ይህን ዓይነት ቢመርጥ ከታሪክ ተማረ ይባላል።

ከመግዛት አስቀድሞ ሒሳብ ይቅደም። ለምሳሌ እያንዳንዳቸው 8 ዋት የሆኑ 10 አምፖሎች ለ5 ሰዓት ቢበሩ 400 ዋት ሰዓት ይፈጃሉ። ባለ 80 ዋት ቴሌቪዥን በ4 ሰዓት 320 ይወስዳል። ለማቀዝቀዣው በቀን 1,000 ብንመድብ፥ ድምሩ 1,720 ዋት ሰዓት ይሆናል። የሊቲየም አይረን ፎስፌት ሴል 3.2 ቮልት ስለ ሆነ፥ 16 ሴሎች ተከታትለው ሲያያዙ 51.2 ቮልት ይሰጣሉ። ሴሎቹ ባለ 100 አምፔር ሰዓት ቢሆኑ ጠቅላላው 5,120 ዋት ሰዓት ነው፤ ከዚህም ከመቶው 80 እጁን ብንጠቀም 4,096 ይሆናል። ኢንቨርተሩ በመንገድ የሚያባክነው ተቀንሶ፥ ለሁለት ቀን ይበቃል ማለት ነው።

አራት ሴል ብቻ አያይዞ 12.8 ቮልት ማድረግ አይበቃም ወይ? የሚል ጠያቂ ይኖራል። መልሱ በሽቦው ውስጥ ነው። 3,000 ዋት ለመሳብ በ51.2 ቮልት 59 አምፔር ያህል ሲበቃ፥ በ12.8 ቮልት ግን 234 አምፔር ያስፈልጋል። ይህን ያህል ኃይል በቀጭን ሽቦ ሲተላለፍ ሽቦው ይግላል፤ መጋጠሚያውም የላላ እንደ ሆነ ይቃጠላል።

ሴሎቹን በማያያዝ ረገድ ዋናው ነገር እኩልነት ነው። አሮጌና አዲስ ሴል አይቀላቀልም። አንዱ ሴል ከጓደኞቹ ቀድሞ ሲሞላ ሌሎቹ ገና ይቀበላሉ፤ ባለሙያው ግን የሚያየው የጠቅላላውን ቮልት ብቻ ከሆነ የአንዱን መጎዳት አያውቅም። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ልክ ከተሞሉ በኋላ ይያያዛሉ፤ ከዚያም ቢ.ኤም.ኤስ. የሚባለው ጠባቂ ይገጠምላቸዋል። ይህ ጠባቂ ከየሴሉ አንዳንድ ቀጭን ሽቦ ተቀብሎ እያንዳንዱን በተናጠል ይቆጣጠራል። ማንኛውም ሴል ከ3.65 ቮልት እንዲያልፍ ወይም ከ2.5 ቮልት በታች እንዲወርድ አይፈቅድም። ሙቀት ሲበዛም ያቋርጣል። በደብረ ብርሃን እንደሚታየው ባለ ውርጭ ሌሊት ደግሞ የሴሉ ሙቀት ከዜሮ በታች የወረደ እንደ ሆነ፥ መሙላት ሴሉን ስለሚጎዳ ጠባቂው ይህንም የሚከለክል ዓይነት መሆን አለበት።

ከጠባቂው ሌላ በባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አጠገብ ለቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የተሠራ ፊውዝ ይግባ። ለአሲድ ባትሪ የተስተካከለው የመሙያ መቆጣጠሪያም ለሊቲየም እንደ ገና ይስተካከል፤ ለ16 ሴል 56 ቮልት፥ ይኸውም ለእያንዳንዱ 3.5 ቮልት፥ በቂ ነው። መቆጣጠሪያው በመጀመሪያ ከባትሪው ጋር፥ ቀጥሎ ከፀሐይ ሰሌዳው ጋር ይገናኝ፤ ሲፈታ ግን ሰሌዳው ይቅደም። ሠራተኛውም ቀለበቱንና የእጅ ሰዓቱን ያውልቅ፤ ሁለቱን ጫፎች የነካ አንድ መፍቻ በቅጽበት የሚቀልጥ ፍም ይሆናልና። ባትሪው በመኝታ ክፍል፥ በመውጫ በር አጠገብ ወይም ፀሐይ በሚያግለው ቆርቆሮ ሥር አይቀመጥ። ጢስ የታየ እንደ ሆነ ቤተ ሰቡ ፈጥኖ ይውጣ፤ የሚወጣው ጢስ መርዝ ስለ ሆነ ዕቃ ለማትረፍ የሚመለስ አይኑር፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ይጠሩ።

አንባብያን ሆይ! ከቮልታ ዘመን ጀምሮ የሆነውን ስንመለከት፥ ሊቃውንቱ በጎተራው ውስጥ የሚከተተውን ኃይል ባበዙ ቁጥር ጠባቂውንም ለማጠንከር ተገደዋል። ዊቲንግሃም ኃይሉን አገኘ፤ ዮሺኖ ገራው፤ የጉዲነፍ ፎስፌት ደግሞ ይበልጥ አረጋጋው። የቀረው ጥበቃ በገዢውና በሚገጥመው ባለሙያ እጅ ነው። ለባትሪው የብዙ ወር ደመወዙን አውጥቶ ለፊውዝና ለጠባቂ የሚሳሳ ሰው፥ ጎተራውን ሠርቶ በሩን ሳይገጥም የተኛ ገበሬን ይመስላል። ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳል ይላሉ አባቶች። ስለዚህ ሻጩን ስለ ዋጋው ከመጠየቃችሁ በፊት፥ የሴሉ ዓይነት ምን እንደ ሆነና ጠባቂው ምን ምን እንደሚያቋርጥ ጠይቁት። ይህን አጥርቶ መመለስ ካልቻለ፥ ከሌላ ዘንድ ግዙ።