የፍላጻ ዘንግ አመራረጥና የሙያ ዕውቀት መተላለፍ

በቀስት አጋዘን ለማደን የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚወስነው የፍላጻውን ክብደትና የዘንጉን እንጨት ነው። ቀላል ፍላጻ ፈጥኖ ቢወነጨፍም ኃይሉ ቶሎ ይደክማል። ከባዱ ግን ፍጥነቱ ቢያንስም ከቀስቱ የሚቀበለው ጉልበት ስለሚበልጥ ወደ አውሬው ሰውነት ጠልቆ ይገባል። ይህ ዕውቀት ወደ መጽሐፍ ከመግባቱ በፊት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው። የመተላለፊያው ሰንሰለት ሲበጠስ የሚደርሰውን ጉዳት በሰሜን ካሊፎርኒያ ይኖር የነበረው የያሂ ሕዝብ ታሪክ ያሳያል።

እ.ኤ.አ. ከ1849 ወዲህ ወርቅ ፍለጋ የጎረፉት ሰፋሪዎች ያሂዎችን ጨፈጨፉአቸው። ከሕዝቡ የመጨረሻው ቀሪ ኢሺ በ1911 በኦሮቪል ከተማ አጠገብ ተገኘና በዚያን ጊዜ በሳን ፍራንሲስኮ ወደነበረው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ተወሰደ። በዚያም ሳክስተን ፖፕ የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ወዳጁና ደቀ መዝሙሩ ሆነ።

ኢሺ ለዘንግ ከሚመርጣቸው እንጨቶች አንዱ ሄዝል የተባለው ቁጥቋጦ ቀጥ ያለ ቀንበጥ ነበር። ቀንበጦቹን በአንድነት አስሮ ካደረቀ በኋላ የጎበጠውን በፍም ላይ እያሞቀ ያቀናል፤ በሁለት አሸዋማ ድንጋዮች መካከል እያሸ ያለሰልሳል። ለአደን ለሚሆነው ፍላጻ ከፊቱ ጠንከርና ከበድ ያለ ሌላ እንጨት ይቀጥልበታል። ለዚህም ስለት ያለው አጥንት በእግሩ ጣቶች መካከል አቁሞ፣ ዘንጉን በላዩ አሳርፎ በመዳፎቹ እያሽከረከረ ጫፉን ይበሳል፤ መጋጠሚያውንም በጅማት ያስራል። ክብደቱ ወደ ፊት ሲያደላ ከኋላ ያለው ላባ ፍላጻውን በቀላሉ ያቀናዋል። ዘንጉ ከቀስቱ ኃይል ጋር ካልተመጣጠነ፣ ይኸውም ከልክ በላይ ከለሰለሰ ወይም ከጠነከረ፣ ከዒላማው ይስታል።

በ1914 ፖፕ ከኢሺና ከሌሎች ምሁራን ጋር ወደ ያሂዎች አገር ተጉዞ ሙያውን በተወለደበት ስፍራ ተመለከተ። ኢሺ በ1916 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ፖፕ የተማረውን በ1918 በጽሑፍ አወጣ። በኋላ ለራሱ የአደን ፍላጻ የሠራው ከገበያ በሚገዛ የበርች ዘንግ ነበር፤ እንጨቱ ቢለወጥም የአመራረጡን ምክንያት ጠንቅቆ ዐውቆ ነበርና።

ለመምህራንና ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ቁም ነገሩ በዚህ ላይ ነው። ሙያ የሚጠበቀው የሠራው ዕቃ በሙዚየም ስለተቀመጠ ብቻ አይደለም። ባለሙያው በሕይወት ሳለ አጠገቡ ተቀምጦ፣ እጁን እያየና ምክንያቱን እየጠየቀ የሚማር ሰው ሲገኝ ነው። ፖፕ የደረሰው ለአንድ ሰው ዕድሜ ማብቂያ ነበር፤ ከኢሺ በፊት ያለፉት ያሂዎች ያውቁት የነበረው ሌላው ሁሉ ግን ጠያቂ ሳያገኝ ከባለቤቶቹ ጋር ተቀብሯል።