የሰማይ ሉል በዩኒቨርስ ጥናት ታሪክ

የሰማይ ሉል ምድርን መሃሉ ላይ አድርጎ ከዋክብትን ሁሉ በውስጠኛ ገጹ የያዘ፣ በሐሳብ ብቻ ያለ ክብ ነው። የምድር ዛቢያ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ቢረዝም ሉሉን የሚነካባቸው ነጥቦች የሰማይ ዋልታዎች ይባላሉ፤ በሁለቱ መካከል የሰማይ ወገብ ያልፋል። ምድር በዛቢያዋ ስለምትሽከረከር ሉሉ በየቀኑ አንዴ የሚዞር ይመስላል። የሰማይ ዋልታ ከአድማስ በላይ ያለው ከፍታ ከተመልካቹ ኬክሮስ ጋር እኩል ነው። በዚህም ምክንያት አዲስ አበባ ላይ የሰሜኑ ዋልታ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ይላል፤ በዓመቱ ውስጥም ሰማዩ ከሞላ ጎደል በሙሉ ከዚያ ይታያል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ግሪካዊው ኢውዶክሰስ የፀሐይን፣ የጨረቃን፣ የፈለኮችንና የከዋክብትን ጉዞ በ27 አንዱ በሌላው ውስጥ ባሉ ሉሎች አሰላ። አሪስቶትል ደግሞ ቁጥሩን ወደ 55 አሳድጎ ሉሎቹን በእውን ያሉ አካላት አደረጋቸው። ከእርሱ በኋላ ለብዙ ዘመን ዩኒቨርስ ማለት በከዋክብት ሉል የተዘጋ፣ ዳርቻ ያለው ዓለም ነበር።

ሉሉ የመለኪያ መሣሪያም ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት ሂፓርከስ ስፓይካ የተባለውን ኮከብ ቦታ ቲሞካሪስ 150 ዓመት ገደማ ቀድሞ ከመዘገበው ጋር ሲያነጻጽር ኮከቡ 2 ዲግሪ ያህል ተንቀሳቅሶ አገኘው። ይህ የምድር ዛቢያ በ26,000 ዓመት ገደማ አንድ ዙር ከሚያደርገው ዝግ ያለ ውዝዋዜ የሚመጣ ነው። በ2ኛው መቶ ዓመት ዓ.ም. የእስክንድርያው ቶሎሚ ከ1,000 በላይ ከዋክብትን በ48 ኅብረ ከዋክብት ከፍሎ መዘገበ፤ በ964 እ.ኤ.አ. አል ሱፊ ይህን መዝገብ በራሱ ምልከታ አረመው።

በ1543 ኮፐርኒከስ የምትዞረው ምድር ናት አለ። እርሱ ራሱ የከዋክብትን ሉል ባይጥለውም፣ ሉሉ የማይዞር ከሆነ ከዋክብት ሁሉ በአንድ ርቀት ላይ የሚሆኑበት ምክንያት ቀረ። በ1576 እንግሊዛዊው ቶማስ ዲግስ ከዋክብትን ዳርቻ በሌለው ጠፈር በትኖ ሣለ። በ1577 የታየው ጅራታም ኮከብ ከጨረቃ ባሻገር እንደሚጓዝ ቲኮ ብራሄ ለክቶ ሲያረጋግጥ፣ ጠጣር ሉሎች አሉ የሚለው ሐሳብ ተናጋ።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ የርቀት ነበር። በ1718 ኤድመንድ ሃሌይ ሲሪየስ፣ አርክቱረስና አልደባራን ከጥንታዊው መዝገብ ቦታቸው ፈቀቅ ማለታቸውን አሳየ፤ «ቋሚ» የተባሉት ከዋክብት እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ይጓዛሉ ማለት ነው። በ1838 ፍሬድሪክ ቤሰል፣ ምድር ፀሐይን ስትዞር 61 ሲግኒ የተባለው ኮከብ ከዲግሪ አንድ ዐሥር ሺሕኛ በታች ወዲያና ወዲህ ሲል ለካ። ከዚህም የኮከቡን ርቀት አሰላ፤ ዛሬ ርቀቱ 11.4 የብርሃን ዓመት መሆኑ ይታወቃል። በ1920ዎቹ ኤድዊን ሃብል አንድሮሜዳ ከእኛ ጋላክሲ ውጭ ያለ ሌላ ጋላክሲ መሆኑን፣ ሩቅ ጋላክሲዎችም በርቀታቸው ልክ ይበልጥ እየፈጠኑ እንደሚሸሹ አሳየ።

ያም ሆኖ ሥነ ፈለክ ሉሉን እንደ ካርታ ይዞታል። የአንድ ኮከብ ቦታ በሁለት ቁጥሮች ይጻፋል፤ አንዱ ከሰማይ ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ያለው ርቀት በዲግሪ፣ ሌላው ወገቡን ተከትሎ ወደ ምሥራቅ ያለው በሰዓትና በደቂቃ ነው። የቆጠራው መነሻ፣ ፀሐይ በመጋቢት ወገቡን የምታቋርጥበት ነጥብ፣ ሂፓርከስ ባገኘው እንቅስቃሴ ምክንያት ስለሚሸራተት የከዋክብት መዝገቦች የሚጸኑበትን ዓመት አብረው ይጽፋሉ። በ1930 የ88ቱ ኅብረ ከዋክብት ወሰን በሉሉ ላይ ተሰምሮ ታተመ። ከ1998 ወዲህ ደግሞ የመለኪያው መሠረት ከዋክብት መሆናቸው ቀርቶ፣ ከርቀታቸው የተነሣ እንቅስቃሴያቸው የማይታየው፣ ኳሳሮች የተባሉት የሰማይ አካላት ሆነዋል። በ2013 የመጠቀችው ጋያ የተባለች መንኮራኩር 1.8 ቢሊዮን ገደማ የሰማይ አካላትን ቦታ በዚሁ ሉል ላይ መዝግባለች፤ ለአብዛኞቹም ቤሰል በተጠቀመበት ስልት ርቀታቸውን ለክታ ሦስተኛውን ቁጥር ጨምራለች።