በሩቅ ያለ ባለሙያ ሥራ የሚያሠራበት መነጽር

የርቀት እገዛ መነጽር በራስ ላይ የሚደረግ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ካሜራ፣ ማይክሮፎን፣ የድምፅ ማጉያና ከዓይን ፊት የሚቀመጥ አነስተኛ ስክሪን አለው። ሠራተኛው መነጽሩን አድርጎ ማሽን ሲጠግን፣ በሌላ ከተማ ወይም በሌላ አገር የተቀመጠ ባለሙያ ሠራተኛው ፊት ያለውን ነገር በዚያው ሰዓት በኮምፒውተሩ ያያል፤ እየተነጋገሩም ሥራውን ያሠራዋል። በስልክ ካሜራ ማሳየት አንድ እጅ ይይዛል። መነጽሩን ያደረገ ሰው ግን ሁለቱም እጆቹ ለሥራ ነጻ ናቸው።

ለምን አስፈለገ?

ብልሽትን በስልክ ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። ባለሙያው «ከታች ያለውን ቱቦ ንቀለው» ይላል፤ ከታች ያሉት ቱቦዎች ሦስት ከሆኑ ግን ሰውየው የትኛውን ይንቀል? የተሳሳተውን ቢነቅል ውሃ ቤቱን ሊሞላው ወይም ማሽኑ ይብስ ሊበላሽ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሮበርት ክራውትና ባልደረቦቹ ሰዎችን ብስክሌት በማስጠገን ጉዳዩን አጠኑ። ጠጋኞቹ ባለሙያ ከሩቅ ሲያግዛቸው፣ ብቻቸውን ከሚሠሩት ይልቅ ቶሎና በተሻለ ጥራት ጨረሱ። ምስል ስለተጨመረ ብቻ ግን ሥራው በድምፅ ብቻ ከሚደረገው እገዛ አልፈጠነም። የተለወጠው ንግግራቸው ነው። ምስል ሲኖር ባለሙያው ሳይጠየቅ ይረዳ ነበር፤ ምስል በሌለበት ጊዜ ግን ጠጋኙ ያለበትን ሁኔታ በዝርዝር ማስረዳት ነበረበት። ስለዚህ ዋናው ጥቅም የሚገኘው ከዕቃው ሳይሆን ሥራውን ከሚያውቀው ሰው ነው።

በጠፈር ላይ

እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳና ማይክሮሶፍት «ሳይድኪክ» የተባለ ፕሮጀክት ጀመሩ። ዓላማው ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሚዞረው ዓለም አቀፍ የጠፈር ጣቢያ ያሉ ጠፈርተኞችን ሆሎሌንስ በተባለው መነጽር መርዳት ነበር። የመጀመሪያዎቹ መነጽሮች በሰኔ 2015 የተጫኑበት ሮኬት በጉዞ ላይ ስለፈነዳ ጠፉ። ሌሎች በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ተልከው ደረሱ፤ ጠፈርተኛው ስኮት ኬሊም በ2016 መጀመሪያ ላይ ሞከራቸው።

አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው፣ ምድር ላይ ያለው ባለሙያ ጠፈርተኛው የሚያየውን እያየ ቀስት ወይም ክብ ይስላል፤ ስዕሉም ለጠፈርተኛው በዕቃው ላይ የተሳለ ሆኖ ይታየዋል። በሁለተኛው፣ የሥራው ቅደም ተከተል አስቀድሞ ተዘጋጅቶ በመነጽሩ ይቀመጣል። ይህ ሁለተኛው ለሩቅ ጉዞ ያስፈልጋል። ከምድር ወደ ማርስ የሚላክ መልእክት እንደ ርቀቱ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅ፣ እዚያ ላለ ሰው «አሁን ይህን ፍታ» እያሉ ማሠራት አይቻልም።

በሥራ ቦታ

ጉግል «ግላስ» የተባለውን መነጽር በ2013 በ1,500 ዶላር ለተወሰኑ ገዢዎች አቀረበ። ብዙ ሰዎች ሳናውቅ እንቀረጻለን ብለው ተቃወሙት፤ በ2015 ለግለሰቦች መሸጡ ቆመ። በ2017 ለፋብሪካና ለሆስፒታል ሠራተኞች ተብሎ ተመለሰ፤ በ2023 ግን ሽያጩ ጨርሶ ቀረ። ሪልዌር የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ዓይነት ደግሞ በሥራ ሄልሜት ላይ ይታሰራል፤ ሠራተኛው ጓንት እንዳደረገ በድምፅ ያዘዋል።

የማይችለው ነገር

ካሜራ ሁሉንም አያስተላልፍም። ብሎን ምን ያህል እንደጠበቀ፣ ቱቦ ምን ያህል እንደጋለ፣ የተቃጠለ ሽቦ እንደሚሸት ሩቅ ያለው ባለሙያ አያውቅም። ይህን ሊነግረው የሚችለው እቦታው ያለው ሰው ብቻ ነው። ኢንተርኔት ሲደክም ምስሉ ይዘገያል፤ ባለሙያው «እሱን ያዝ» ሲል የሠራተኛው እጅ ወደ ሌላ ዕቃ አልፎ ሊሆን ይችላል። በኤሌክትሪክ ወይም በጋዝ ሥራ ይህ መዘግየት ለአደጋ ያጋልጣል።

እንዲህ ያለ መነጽር ያደረገ ሠራተኛ ቤት ሲመጣ

ካሜራው ማሽኑን ብቻ ሳይሆን ቤቱን፣ ጠረጴዛ ላይ ያለውን መድኃኒትና በቤቱ ያለውን ሰውም ያሳያል። በእስራኤል በ1981 የወጣው የግል ሕይወት ጥበቃ ሕግ፣ ሰው በግል ስፍራው እያለ ያለ ፈቃዱ ፎቶ ማንሳትን እንደ ጥሰት ይቆጥራል። ስለዚህ የቤቱ ባለቤት ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሦስት ነገሮችን ቢጠይቅ ነውር የለውም፦ በሌላው ጫፍ ሆኖ የሚያየው ማን ነው? ምስሉ ይቀረጻል ወይስ ለጊዜው ብቻ ይታያል? ከተቀረጸስ መቼ ይጠፋል? ዕብራይስጥ የሚከብደው ሰው መልሱን የሚያስረዳው ዘመድ ወይም አስተርጓሚ እስኪያገኝ ድረስ መነጽሩ እንዲወልቅ ማለት ይችላል።