የተቃጠለውን መልሶ መብላት፦ ከካምፕ ጎርደን እስከ ቡፎርድ ሀይዌይ

በ1917 አጋማሽ (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት በገባች በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ከአትላንታ በስተሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው ቻምብሊ አጠገብ ካምፕ ጎርደን የተባለ የጦር ማሠልጠኛ ተቋቋመ። 82ኛው ክፍለ ጦር የተደራጀው በዚያ ነው። ከምልምሎቹ ብዙዎቹ እንግሊዝኛ የማይችሉ ስደተኞች ስለነበሩ፣ በየቋንቋቸው ከፋፍሎ የማሠልጠን ሥርዐት በ1918 ተዘርግቶ «የካምፕ ጎርደን ዕቅድ» ተባለ። ቻምብሊ ከስደተኛ ጋር ያላት ትውውቅ በቡፎርድ ሀይዌይ ምግብ ቤቶች የተጀመረ እንዳልሆነ በዚሁ ይታወቃል።

በዚያው ዘመን የአሜሪካ ጦር የሥነ ምግብ ባለሙያዎችን ወደ ማሠልጠኛዎች እየላከ የወታደሩን ምግብ በካሎሪ ያስመዝን ነበር። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፤ ቀኑን ሙሉ የሚሰለፍ፣ የሚቆፍርና የሚሸከም ወጣት ጉልበቱ እንዳይደክም ምን ያህል ይብላ? የሠራውን መልሶ መብላቱ ግዴታው እንጂ የሚከራከሩበት ጉዳይ አልነበረም። በዚያው በ1918 ግን የሎስ አንጀለሷ ሐኪም ሉሉ ሃንት ፒተርስ የካሎሪ ቆጠራን ለመክሳት ለሚሹ ሴቶች ያስተማረችበትን መጽሐፍ አሳተመች፤ መጽሐፉም በሰፊው ተሸጠ። ለሠራዊት ቀለብ ያገለግል የነበረው መለኪያ ከዚያ ወዲህ የቤት ውስጥ ቁጥጥር ሆነ። ዛሬ በስልክ ላይ የሚነሣው ጭቅጭቅ ሥሩ እዚህ ላይ ነው፤ ሁለት ተቃራኒ ዓላማዎች በአንድ መዝገብ እንዲሠሩ ተደረገ።

መዝገቡ ራሱ የዊልበር አትዋተር ውርስ ነው። አትዋተር በ1890ዎቹ በኮነቲከት ግዛት፣ በሚድልታውን ከተማ፣ ሰውን በተዘጋ ክፍል ውስጥ አስገብቶ የሚያመነጨውን ሙቀት ለካ፤ በክፍሉ ውስጥ በቆመ ብስክሌት ላይ ፔዳል እንዲመታም አደረገ። የገባውና የወጣው ኃይል እኩል መሆኑን አረጋገጠ። ይህ እውነት አልተሻረም። ሆኖም «የገባና የወጣ» የሚለውን ቃል የሰማ ሁሉ የባንክ ሒሳብ ይታየዋል፤ በባንክ ደግሞ ገቢና ወጪ አንዱ ሌላውን አይለውጥም። በሰውነት ውስጥ ግን ይለውጣል።

ዣን ማየርና ባልደረቦቹ በ1956 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ የመጀመሪያውን ፍንጭ ሰጠ። በምዕራብ ቤንጋል በአንድ የጁት ፋብሪካ አካባቢ ከተቀማጭ ባለሱቅና ጸሐፊ እስከ ጭነት ተሸካሚ ያሉ 213 ወንዶችን መረመሩ። ከቀላል ሥራ ወደ ከባድ ሥራ ሲሄዱ አበላላቸው ከሥራው ጋር አብሮ ይጨምር ነበር፤ ክብደታቸውም ብዙም አልተለያየም። ይኸውም ተሸካሚው ማንም ሳያዝዘው የሠራውን መልሶ ይበላ ነበር። እጅግ ተቀማጭ የሆኑት ግን ከሥራቸው በላይ በሉ፤ ወፈሩም። ጥናቱ ባለፉት አሥርት ዓመታት በብዛት የተጠቀሰው ለሁለተኛው ግኝት ነው፤ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን የበለጠ የሚጠቅመው የመጀመሪያው ነው።

ታሪኩ ወደ ቻምብሊ የተመለሰው በሌላ መንገድ ነው። የአሜሪካ በሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) በ1988 ያቋቋመው የሥር ሰደድ በሽታዎች መከላከያ ክፍል ለብዙ ዓመታት በቡፎርድ ሀይዌይ ላይ ሠርቷል። ሲዲሲ ከአሜሪካ ስፖርት ሕክምና ኮሌጅ ጋር ሆኖ በ1995 አዋቂ ሰው በአብዛኞቹ የሳምንቱ ቀናት 30 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ መከረ። ምክሩ ስለ ልብ፣ ስለ ስኳርና ስለ ዕድሜ እንጂ በዋናነት ስለ ክብደት አልነበረም። ሕዝቡ ግን ለመክሳት ተቀበለው። ያው ኮሌጅ በ2009 ባወጣው የአቋም መግለጫ፣ በሳምንት ከ150 ደቂቃ በታች የሆነ እንቅስቃሴ ብቻውን ክብደትን እጅግ በጥቂቱ እንደሚቀንስ ጻፈ። በመካከሉ ስንቱ ሰው ሚዛኑ ስላልወረደለት ብቻ ልቡን ይጠቅመው የነበረውን የእግር ጉዞ እንደተወ መገመት አያዳግትም። ለፖሊሲ ሰዎች ትልቁ ኪሳራ ይህ ነው።

በስልክ የሚሠሩት የምግብ መዝገቦች ደግሞ ስሕተቱን ቀለም ቀቡት። ብዙዎቹ የተቃጠለውን ካሎሪ በዕለቱ ኮታ ላይ ይጨምራሉ፤ ሰውየውም የተሰጠውን ይበላል። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለአንድ ሰዓት በመጠነኛ ፍጥነት ቢራመድ መሣሪያው 280 ካሎሪ ያህል ያሳየዋል እንበል። ከዚህ ውስጥ 80 ያህሉ ቢቀመጥም የሚያቃጥለው ነው፤ ስለዚህ የጉዞው ድርሻ 200 ነው። በ2021 የ1,754 ሰዎችን መረጃ መርምሮ የወጣ ጥናት ደግሞ፣ በእንቅስቃሴ ከሚጨመረው ወጪ 28 በመቶ ያህሉን ሰውነት ከሌላ ተግባሩ እየቀነሰ እንደሚያካክስ አመለከተ፤ ብዙ ስብ ባላቸው ሰዎች ዘንድ ማካካሻው ከፍ ይላል። የቀረው 144 ነው፤ ወጥ ላይ ከሚፈስ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት (120 ካሎሪ ገደማ) ብዙም አይበልጥም። መሣሪያው ራሱ ትክክል ከሆነ ነው ይህም። በ2017 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ከፈተሿቸው ሰባት የእጅ መለኪያዎች የተሻለው እንኳ በካሎሪ ግምቱ በአማካይ 27 በመቶ ስቷል። በመጋዘን ቆሞ የሚሠራ ሰው ሲመዘገብ «ብዙ እንቅስቃሴ አለኝ» ብሎ፣ ከዚያም እርምጃውን ለብቻ ካስቆጠረ፣ አንዱን ድካም ሁለት ጊዜ ተከፈለው ማለት ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «ማንም መልሶ አይብላ» ማለት ግን ችኮላ ነው። በ2011 የታተመ አንድ ጥናት የአሥር ታዋቂ ኢትዮጵያውያን የረጅም ርቀት ሯጮችን ምግብና ወጪ ለሳምንት መዘነ። የሚበሉት በቀን ወደ 3,200 ካሎሪ፣ የሚያወጡት ወደ 3,300 ሆኖ ተገኘ፤ ይኸውም በአብዛኛው ከእህል። እነርሱ እንደ ቤንጋሉ ተሸካሚ የሮጡትን በእንጀራ ይመልሳሉ፤ ባይመልሱ አጥንታቸውና ሆርሞናቸው ይጎዳል፤ ሴቶች ደግሞ የወር አበባቸው ሊቋረጥ ይችላል። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ በ2014 ለዚህ ጉድለት ራሱን የቻለ ስያሜ ሰጥቷል።

እንግዲህ ጉዳዩ የሚወሰነው በድካሙ መጠንና በዓላማው ነው። ለማራቶን የሚዘጋጅ ወይም ቀኑን ሙሉ የሚሸከም ሰው መብላት አለበት። ለመክሳት በቀን ለአንድ ሰዓት የሚራመድ ሰው መሣሪያው የሚሰጠውን ኮታ ቢተወው፣ እጅግ ከራበው ደግሞ ከግማሹ ባያልፍ ይሻለዋል፤ ከሦስትና ከአራት ሳምንት በኋላ ሚዛኑን አይቶ ማስተካከል ይችላል። የካምፕ ጎርደን ወጥ ቤትም የሚያየው ይህንኑ ነበር፤ ወታደሩ ከሳ ወይስ አልከሳም?